ጥላቻ፡- ከቃሉ ትርጉም እስከ ሕጉ ድንጋጌ

ከጉና ተራራ በስተደቡብ የሚገኘው፣ ከጋይንትና ከስማዳ ጋር የሚጎራበተው እስቴ በደቡብ ጎንደር ዞን በነባርነታቸው ከሚታወቁ አካባቢዎች አንዱ ነው። የዋና ከተማው የመካነ ኢየሱስ ስም በግእዝ «የኢየሱስ ስፍራ» ማለት ነው። በዚህች ከተማና በዙሪያዋ የክርስትናና የእስልምና እምነት ተከታዮች በአንድ ገበያ እየተገበያዩ፣ በሠርግና በለቅሶ እየተጠራሩ ኖረዋል።

በ2011 ዓ.ም. የጥር ወር መገባደጃ ላይ ግን ለዚህ አብሮነት እንግዳ የሆነ ድርጊት ተፈጸመ። ከአንድ ሠርግ ጋር የተያያዘ ወሬ መናፈሱን ተከትሎ በተቀሰቀሰ ሁከት በአካባቢው መስጊዶች ተቃጠሉ፤ የሙስሊም ነዋሪዎች ንብረትም ለጉዳት ተዳረገ። አንድ ዓመት ሳይሞላ፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ደግሞ በምሥራቅ ጎጃም ዞን በሞጣ ከተማ ተመሳሳይ ጥፋት ደረሰ። በሁለቱም አጋጣሚዎች ድርጊቱን ለመግለጽ በመግለጫዎችና በዜናዎች በብዛት ያገለገለው ቃል «ጥላቻ» የሚለው ነበር።

ከእነዚህ ክስተቶች ብዙም ሳይቆይ ቃሉ በሕግ መጽሐፍ ውስጥ ገባ። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የካቲት 5 ቀን 2012 ዓ.ም. አጽድቆት፣ መጋቢት 14 ቀን በነጋሪት ጋዜጣ ታትሞ ወጣ። ከዚያ ወዲህ «የጥላቻ ንግግር» የሚለው ሐረግ ከፍርድ ቤት አልፎ በጽሕፈት ቤቶች ደብዳቤ፣ በስብሰባ ቃለ ጉባኤና በሠራተኞች የዲሲፕሊን ክስ ውስጥ ሳይቀር ሲጠቀስ ይስተዋላል። ይሁን እንጂ ሐረጉን የሚጠቅሱ ሁሉ አንድ ነገር ማለታቸው ነው ወይ የሚለው ጥያቄ ተገቢውን ትኩረት ያገኘ አይመስልም። ይህ ጽሑፍም የቃሉን ምንጭ፣ ትርጉምና አጠቃቀም በመዳሰስ የመንግሥት ሠራተኛውና ኃላፊው ሊያስተውሏቸው የሚገቡ ነጥቦችን ለማመላከት ይሞክራል።

«የጥላቻ ንግግር» የሚለው አባባል «ሄት ስፒች» ከሚለው የእንግሊዝኛ ሐረግ በቀጥታ የተተረጎመ ነው። «ሄት» የሚለው ቃል በጥንታዊው እንግሊዝኛ የነበረ፣ ከጀርመንኛው «ሃስ» እና ከኔዘርላንድኛው «ሃት» ጋር አንድ ሥር ያለው የጀርማናውያን ቋንቋዎች የጋራ ቃል ነው። እንግሊዝኛ ከዚህ ሌላ «ኦዲየም» የሚል፣ በቀጥታ ከላቲን የተወሰደ የጥላቻ መጠሪያም አለው፤ ይኸኛው በአብዛኛው አንድ ሰው ወይም ድርጊት በሕዝብ ዘንድ የሚደርስበትን መጠላትና ነቀፌታ ለመግለጽ የሚያገለግል የጽሕፈት ቋንቋ ቃል ነው። «ሄት» ግን የዕለት ተዕለት ቃል በመሆኑ ተናጋሪው ለማይወደው ምግብም፣ ለሚያሰለቸው ሥራም፣ ለጠላቱም ይጠቀምበታል።

«ሄት ስፒች» የሚለው ጥምር ሐረግ የሕግ ባለሙያዎች መነጋገሪያ ሆኖ የገነነው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980ዎቹ በአሜሪካ ነው። በወቅቱ ጸሐፍቱ ሊገልጹት የፈለጉት ማንኛውንም ጥላቻ ያዘለ ንግግር ሳይሆን፣ ሰዎችን በዘራቸው፣ በሃይማኖታቸውና በመሳሰሉት ማንነቶቻቸው ለይቶ የሚያጠቃ ንግግርን ነበር። ሐረጉ ወደ ሌሎች ቋንቋዎች ሲሻገር ግን ይህ ውስን ትርጉሙ አብሮት ያልተሻገረበት አጋጣሚ ጥቂት አይደለም። በዕለታዊ ንግግር ሰፊ የሆነው «ጥላቻ» የሚለው ቃል፣ በሕግ ቋንቋ ጠባብ የሆነውን ትርጉም ሲውጠው ይታያል።

ወደ አገራችን ቋንቋዎች ስንመለስ ቃሉ ጥንታዊ ሥር እንዳለው እንረዳለን። በግእዝ «ጸልአ» ማለት ጠላ፣ «ጽልእ» ማለት ጥላቻ፣ «ጸላኢ» ማለት ደግሞ ጠላት ነው። የትግርኛው «ጽልኢ» የዚሁ ዘር ነው። የግእዙ «ጸ» በአማርኛ ወደ «ጠ» የተለወጠባቸው ቃላት ብዙ ናቸው፤ «ጸግበ» ጠገበ፣ «ጸብእ» ደግሞ ጠብ እንደሆነው ሁሉ «ጸልአ»ም ጠላ ሆኗል። «ጸብእ» በግእዝ ጦርነት ማለት ሲሆን በአማርኛ ወደ ግለሰቦች ጭቅጭቅ ዝቅ ብሏል። በአንጻሩ ከ«ጠላ» የተገኘው «ጠላት» ከግለሰብ ስሜት ተነስቶ እስከ ጦር ሜዳ ተቃራኒ ድረስ ያለውን ሁሉ ይሸፍናል። አንድ ሰው «ጠላት» ተብሎ ሲጠራ የሚሰማው ሁሉ የሚደነግጠውም ቃሉ ይህን ያህል ክብደት ስላለው ነው።

አማርኛ የጥላቻን ጎረቤት ስሜቶች ለይቶ የሚጠራበት የቃላት ሀብትም አለው። ወዳጅ በወዳጁ ላይ የሚያድርበት ቅር መሰኘት ቅያሜ ይባላል። የተፈጸመ በደልን በልብ ቋጥሮ መያዝ ቂም ነው። ያንን ቂም በድርጊት መወጣት በቀል ይባላል። ሌላውን ዝቅ አድርጎ ማየት ደግሞ ንቀት ነው። ቅያሜና ቂም አንድ የታወቀ ሰው ፈጽሞታል ከሚባል የታወቀ በደል የሚነሱ በመሆናቸው በይቅርታና በካሳ የመዘጋት ዕድል አላቸው። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» የሚለው የአበው ብሂልም ቂም ሊፈታ የሚገባውና የሚቻል ነገር መሆኑን ያመለክታል። በማንነት ላይ የተመሠረተ ጥላቻ ግን የሚጠላው ሰው የፈጸመው በደል ስለሌለው የሚከፈል ካሳም ሆነ የሚጠየቅ ይቅርታ የለውም። የተጠላው በሠራው ሳይሆን በሆነው ነውና።

በገጠሩ የአማራ ክልል፣ ጋይንትን፣ ስማዳንና እስቴን ጨምሮ፣ ይህ ልዩነት በተግባር ይታወቃል። ሰው ሲገደል በሟችና በገዳይ ወገኖች መካከል የሚፈጠረው ደም መቃባት በሽማግሌዎችና በሃይማኖት አባቶች አማካይነት በእርቅ የሚደርቅበት ሥርዓት ከትውልድ ትውልድ ሲተላለፍ ቆይቷል። ሽማግሌዎቹ በደሉን ይመረምራሉ፤ ካሳ ይወስናሉ፤ ሁለቱን ወገኖች በመሐላ ያስተሳስራሉ። የዚህ ልማድ ደካማ ጎን ደግሞ የሚታወቅ ነው። እርቁ ካልወረደ ገዳዩ ባልተገኘ ጊዜ ደሙ ከወንድሙ ወይም ከአጎቱ ልጅ ሊፈለግ ይችላል። ያላጠፋ ሰው በዝምድናው ብቻ ዕዳ ከፋይ ይሆናል ማለት ነው።

በማንነት ላይ የተመሠረተ ጥላቻም የሚከተለው ይህንኑ የተሳሳተ ስሌት ነው፤ ልዩነቱ ከዘመድ ወደ መላው ማኅበረሰብ መስፋቱ ነው። የመካነ ኢየሱሱም ሆነ የሞጣው ክስተት ሊመረመር የሚገባው ከዚህ አንጻር ነው። ስለ አንድ ሠርግ የተወራው ወሬ እውነት ነው ቢባል እንኳ፣ ሊጠየቁ የሚችሉት የሠርጉ ባለቤቶች ብቻ ነበሩ። ሊጠየቁ የሚችሉትም በሕግ አግባብ ነው። ከዚያ ሠርግ ወደ መስጊድ ያደረሰው መንገድ «እነሱ» የሚለው አንድ ቃል ነው። አንድ ሰው አደረገ የተባለውን «እነሱ አደረጉት» ብሎ ማውራት ከተጀመረ በኋላ ለቀሪው ክብሪት ብቻ በቂ ይሆናል። «ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት» የሚለው ብሂል በዚህ ጊዜ ቢታወስ ኖሮ ብዙ ጥፋት በዳነ ነበር።

አዋጁ የጥላቻ ንግግርን የተረጎመውም ከዚሁ ነጥብ ተነስቶ ነው። በአዋጁ መሠረት የጥላቻ ንግግር ማለት ብሔርን፣ ሃይማኖትን፣ ዘርን፣ ጾታን ወይም አካል ጉዳተኝነትን መሠረት በማድረግ በአንድ ሰው ወይም ተለይቶ በሚታወቅ ቡድን ላይ ጥላቻ፣ መድልዎ ወይም ጥቃት እንዲፈጸም ሆነ ተብሎ የሚያነሳሳ ንግግር ነው። በዚህ ትርጉም ውስጥ ሦስት ነጥቦች ተሟልተው ሊገኙ ይገባል። አንደኛው የንግግሩ ዒላማ ማንነት መሆኑ ነው። ሁለተኛው ንግግሩ ሌሎችን የሚያነሳሳ መሆኑ ነው። ሦስተኛው ተናጋሪው ይህን ሆነ ብሎ ማድረጉ ነው። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ንግግሩ ጸያፍ፣ ስድብ ወይም ስም ማጥፋት ሊሆን ይችላል፤ በዚህ አዋጅ የሚያስቀጣ የጥላቻ ንግግር ግን አይሆንም።

ሕጉ የሚቀጣው ስሜትን አለመሆኑም ሊሰመርበት ይገባል። የተከለከለው በብሮድካስት፣ በኅትመት ወይም በማኅበራዊ ሚዲያ፣ በጽሑፍ፣ በምስል፣ በድምፅ ወይም በተንቀሳቃሽ ምስል የጥላቻ ንግግርን ማሰራጨት ነው። ይህን የፈጸመ ሰው እስከ ሁለት ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት ወይም ከ100 ሺህ ብር በማይበልጥ መቀጮ ይቀጣል። በንግግሩ ምክንያት በግለሰብ ወይም በቡድን ላይ ጥቃት ከተፈጸመ ቅጣቱ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት የሚደርስ ቀላል እስራት ይሆናል። በሌላ በኩል ንግግሩ የትምህርት ወይም የሳይንሳዊ ምርምር፣ የዜና ዘገባ፣ የትንታኔ ወይም የፖለቲካ ትችት፣ የኪነ ጥበብ ሥራ ወይም የሃይማኖታዊ አስተምህሮ አካል ሲሆን እንደ ጥላቻ ንግግር እንደማይቆጠር አዋጁ ይደነግጋል።

እነዚህ ገደቦች በአጋጣሚ የተቀመጡ አይደሉም። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽ ነጻነትን ካረጋገጠ በኋላ፣ ነጻነቱ በአስተሳሰቡ ይዘት ምክንያት ሊገደብ እንደማይችል ይደነግጋል። የጦርነት ቅስቀሳዎችንና ሰብዓዊ ክብርን የሚነኩ የአደባባይ መግለጫዎችን ደግሞ በሕግ እንደሚከለክል ያስቀምጣል። ኢትዮጵያ በ1985 ዓ.ም. የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳንም በአንቀጽ 20 መድልዎን፣ ጠብን ወይም ኃይልን የሚያነሳሳ የብሔር፣ የዘር ወይም የሃይማኖት ጥላቻ ቅስቀሳ በሕግ እንዲከለከል ያስገድዳል። ከዚያም በፊት፣ በ1941 ዓ.ም.፣ አገራችን የዘር ማጥፋት ወንጀልን ለመከላከልና ለመቅጣት የወጣውን ስምምነት በማጽደቅ ከዓለም አገሮች ቀዳሚ እንደነበረች ይታወሳል። ስምምነቱ ለዘር ማጥፋት በቀጥታና በአደባባይ መቀስቀስን ራሱን የቻለ ወንጀል አድርጎታል።

ቅስቀሳው ያለ «ጥላቻ» ቃል እንዴት እንደሚፈጸም ሩዋንዳ ምስክር ናት። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1994 ከ800 ሺህ በላይ ሕዝብ እንዳለቀበት የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በሚገልጸው የዘር ማጥፋት፣ ሚል ኮሊን በሚል ስም የሚታወቀው ሬዲዮ ጣቢያ ቱትሲዎችን ዘወትር የሚጠራቸው «በረሮዎች» እያለ ነበር። አድማጩን «ጥሏቸው» ማለት አላስፈለገውም፤ ሰውን ከሰውነት ደረጃ ማውረዱ በቂ ሆኖ ተገኘ። በአሩሻ የተሰየመው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ኅዳር 2003 ባለቀ በሦስተኛው ቀን፣ ማለትም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ታኅሣሥ 3 ቀን 2003፣ ሁለቱን የሬዲዮው መሥራቾች ፈርዲናንድ ናሂማናንና ዣን ቦስኮ ባራያግዊዛን፣ እንዲሁም የካንጉራ ጋዜጣ አዘጋጅ ሐሰን ንጌዜን ጥፋተኛ ብሏቸዋል። በ2007 የተሰጠው የይግባኝ ውሳኔ የጥፋተኝነቱን የተወሰነ ክፍል ሽሮ ቅጣቱን ከ30 እስከ 35 ዓመት ወደሚደርስ እስራት ዝቅ አድርጎታል።

ከዚህ የምንማረው ቁም ነገር ለአገራችን የሥራ ኃላፊዎች ጠቃሚ ነው። «እጠላለሁ» የሚል ቃል ያለበት ንግግር ሁሉ የጥላቻ ንግግር አይደለም፤ ቃሉ የሌለበት ንግግር ሁሉም ከጥላቻ ነጻ አይደለም። መመርመር ያለበት ቃሉ ሳይሆን ዒላማውና ሊያስከትል የሚችለው ውጤት ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2012 የጸደቀው የራባት የድርጊት መርሐ ግብር ለዚህ ምርመራ የሚረዱ ስድስት መመዘኛዎችን አስቀምጧል። እነዚህም ንግግሩ የተነገረበት ሁኔታ፣ የተናጋሪው ማንነትና ተሰሚነት፣ የተናጋሪው ሐሳብ፣ የንግግሩ ይዘትና አቀራረብ፣ የስርጭቱ ስፋት፣ እንዲሁም ጉዳት የማስከተል ዕድሉና ቅርበቱ ናቸው።

መመዘኛዎቹ በወረዳ ጽሕፈት ቤት ደረጃ ሲታዩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናሉ። አንድ አርሶ አደር በስብሰባ ላይ ተነስቶ «ማዳበሪያ ዘግይቶ መጣብን፤ ይህን ጽሕፈት ቤት ማየትም ጠልቻለሁ» ቢል የተናገረው ቅሬታ ነው። ቃሉ መረር ቢልም ዒላማው አገልግሎቱ እንጂ የማንም ማንነት አይደለም። ተገቢው ምላሽ የማዳበሪያውን ጉዳይ ማጣራት ነው። በአንጻሩ በዚያው ስብሰባ ሌላ ተሰብሳቢ በለዘበ አንደበት፣ ፈገግ ብሎ፣ «የእነ እገሌ እምነት ተከታዮች በገበያችን ሱቅ ባይከፍቱ ይሻላል» ቢል የመድልዎ ጥሪ አሰምቷል። በስብሰባ አዳራሽ የተነገረው ይህ ጥሪ ተቀርጾ በማኅበራዊ ሚዲያ ሲለቀቅ ደግሞ አዋጁ ወደሚመለከተው ክልል ይገባል። በብዙ አጋጣሚዎች የመጀመሪያው ተናጋሪ ሲገሠጽ ሁለተኛው ሲታለፍ መታየቱ የግንዛቤ ክፍተቱን ያሳያል።

ክፍተቱ የሚያስከትለው ጉዳት ሁለት ገጽታ አለው። በአንድ በኩል መሥሪያ ቤትን፣ ፖሊሲን ወይም ኃላፊን የሚተች ዜጋ በጥላቻ ከተፈረጀ አቤቱታ ይደፈናል፤ ብልሹ አሠራርም ይሸፈናል። በሌላ በኩል ቃሉ ለማንኛውም ቅሬታ መጠሪያ ሆኖ ከተለመደ፣ እውነተኛው አደጋ ሲመጣ የሚሰማው አይኖርም። በየቀኑ «ጅብ መጣ» እየተባለ የሚጮህበት መንደር ጅቡ በመጣ ሌሊት ከእንቅልፉ አይነሳም። የቃሉ ዋጋ መርከስ በመጨረሻ የሚጎዳው ከለላ የሚያስፈልጋቸውን ወገኖች ነው።

ስለ አዋጁ አሻሚነት የተነሱ ሥጋቶችም ከዚህ ተለይተው አይታዩም። ረቂቁ በቀረበበት ወቅት ሂዩማን ራይትስ ዎችን የመሳሰሉ ድርጅቶች ትርጉሙ ሰፊ በመሆኑ ለትችት ማፈኛ ሊውል ይችላል ሲሉ ስጋታቸውን ገልጸዋል። በኅዳር 2012 ዓ.ም. ኢትዮጵያን የጎበኙት የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የሐሳብ ነጻነት ልዩ ራፖርተር ዴቪድ ኬይም ተመሳሳይ አስተያየት ሰጥተዋል። በምክር ቤቱም 23 አባላት አዋጁን ተቃውመውት እንደነበር ይታወሳል። እነዚህን ሥጋቶች ትክክል ወይም ስሕተት የሚያደርጋቸው ከአዋጁ ጽሑፍ ይልቅ የፈጻሚው እጅ ነው። አንድ ኃላፊ ሦስቱን ነጥቦች ሳይመረምር «የጥላቻ ንግግር» ብሎ በፈረመ ቁጥር የተቺዎቹን ክርክር በራሱ ፊርማ ያጸናላቸዋል።

ከሕጉ አፈጻጸም ጋር የተያያዘ ሌላው ፈተና የማኅበራዊ ሚዲያ ፍጥነት ነው። አዋጁ የማኅበራዊ ሚዲያ አገልግሎት ሰጪዎች ጥቆማ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ የጥላቻ ንግግርን እንዲያነሱ ይጠብቃል። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር የነበሩት መዓረግ አማረ ጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. በመኖሪያ ቤታቸው አቅራቢያ ተገድለዋል። ልጃቸው በናይሮቢ በሚገኘው ከፍተኛ ፍርድ ቤት በፌስቡክ ባለቤት በሜታ ላይ በመሠረተው ክስ፣ ከግድያው በፊት የአባቱን ማንነትና አድራሻ የሚያጋልጡ ጽሑፎች በፌስቡክ መሰራጨታቸውንና ጥቆማ ቢቀርብም በጊዜው አለመነሳታቸውን ይገልጻል። ፍርድ ቤቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሚያዝያ 2025 ጉዳዩን የማየት ሥልጣን እንዳለው ወስኗል። የክሱ ውጤት ምንም ይሁን ምን፣ 24 ሰዓት ለአንድ ሰው ሕይወት ረጅም ጊዜ ሊሆን እንደሚችል ጉዳዩ ያሳያል።

ከዚህ አንጻር ቅጣት ብቻውን መፍትሔ እንደማይሆን ግልጽ ነው። አዋጁም ይህን በመገንዘብ የግንዛቤ ማስጨበጫ ሥራን ለኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን፣ የክትትል ሥራን ደግሞ በወቅቱ የብሮድካስት ባለሥልጣን ይባል ለነበረውና አሁን በመገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ለተተካው ተቋም ሰጥቷል። የወረዳና የቀበሌ አስተዳደር ድርሻ ግን ከሁሉም ይቀድማል። ወሬ በተሰማ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የተጣራ መረጃ ለሕዝብ ማድረስ፣ የሁለቱንም እምነት አባቶችና የአገር ሽማግሌዎችን በአንድ ላይ ማቆም፣ ተጠያቂ ሊሆን የሚገባውን ግለሰብ ከሚኖርበት ማኅበረሰብ ለይቶ መጥራት በጀት የማይጠይቁ ተግባራት ናቸው። ስለ ሠርጉ በተወራ ሰዓት እነዚህ ተግባራት ቀድመው ቢሆን ኖሮ ወሬው ወሬ ሆኖ ሊቀር ይችል ነበር።

የዜና ክፍሎችም ከተጠያቂነት አያመልጡም። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀውን ጨምሮ ጋዜጠኞች የአንድን ተጠርጣሪ ብሔር ወይም ሃይማኖት ከጉዳዩ ጋር ሳይገናኝ ስንጠቅስ፣ ሁከትን በደፈናው «የእገሌ ማኅበረሰብ ጥቃት» ብለን ስንጽፍ፣ ከግለሰቡ ወደ «እነሱ» የሚወስደውን መንገድ እኛም እንጠርጋለን።

በአጠቃላይ «ጥላቻ» ከግእዝ የወረስነው የቆየ ቃል ነው፤ «የጥላቻ ንግግር» ደግሞ ከውጭ ተተርጉሞ በሕጋችን ጠባብ ትርጉም የተሰጠው አዲስ ሐረግ ነው። ሁለቱን ሳያምታቱ መጠቀም የቋንቋ ጉዳይ ብቻ ሆኖ ሊታይ አይገባም። ቅሬታን ቅሬታ፣ ስድብን ስድብ፣ ወሬን ወሬ፣ የጥላቻ ንግግርንም የጥላቻ ንግግር ብሎ ለይቶ የሚጠራ አስተዳደር የዜጎችን አቤቱታ ይሰማል፤ የዜጎችን የእምነት ቤትም ይጠብቃል። በመካነ ኢየሱስ ገበያ ዛሬም የሚገናኙት የሁለቱ እምነት ተከታዮች ከየመሥሪያ ቤቱ የሚጠብቁት ይህንኑ ነው።